«መካን» ምን ማለት ነው?

አንድን ቃል ማንበብ መቻል ብቻውን አይበቃም። ቃሉ ከየት እንደመጣና በማን ላይ እንደምንለጥፈው ማወቅም ያስፈልጋል።

«መካን» ከግዕዝ የወረደ ቃል ነው። ግሱ «መከነ» ሲሆን፣ ፍሬ ሳይሰጥ ቀረ ማለት ነው። በንግግር «መሃን» የሚልም ብዙ ነው። ከዚሁ ግስ «አመከነ» ይወጣል። ፈንጂ አመከነ ሲባል እንዳይፈነዳ አደረገው ማለት ነው። በጅማና በአጋሮ ገጠር ኦሮምኛ ተናጋሪው መካንን «መሴና» ይላል።

ሌላም «መካን» አለ። ይኸኛው «ኮነ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ስፍራ ነው። «መካነ መቃብር» ስንል የመቃብር ስፍራ ማለታችን ነው። የሁለቱ ፊደል አንድ ይሁን እንጂ ዘራቸው ለየቅል ነው።

«ባዶ»ና «መካን»ም አንድ አይደሉም። ባዶ ጎተራ ለከርሞ ይሞላል። መካን የተባለ ግን ለዘለዓለም የተፈረደበት ይመስላል። ስለዚህ ቃሉን ከመናገር በፊት ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

የቡና ገበሬ ይህን ያውቃል። ተክሉ ፍሬ ሲነሳው ወዲያው አይነቅለውም። አርጅቶ ይሆን? ጥላ በዝቶበት ይሆን? ወይስ የቡና ፍሬ በሽታ እሸቱን አጥቁሮ አርግፎበት? እያለ ይመረምራል። ያረጀ ከሆነ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጎነድለዋል። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በሦስተኛው ዓመት ገደማም እንደገና ያፈራል።

ታዲያ ለቡና ያልነፈግነውን ፍርድ ለሰው ለምን እንነፍጋለን? ባልና ሚስት ልጅ ሲያጡ ስድቡ በሴቲቱ ላይ ይወድቃል። አንዷ ትፈታለች፤ ሌላዋ ጣውንት ይመጣባታል። ቃሉ ራሱ ግን የሴት ምልክት የለውም። «እሱ መካን ነው»፣ «እሷ መካን ናት» ይባላል። ሕክምናም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱ ከወንዱ፣ ከሴቲቱ ወይም ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ጨብጥ ሳይታከም ከቆየ ሁለቱንም ልጅ ሊያሳጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳስታወቀው፣ በዓለም ላይ ከ6 አዋቂዎች 1ዱ በሕይወት ዘመኑ ይህ ችግር ያጋጥመዋል።

እንግዲህ ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሞክረው ልጅ ካላገኙ፣ ሁለቱም አብረው ሄደው ይመርመሩ። ጎረቤትም ከስድብ ይታቀብ።

ጥያቄዎች

1. በ«መካን»ና በ«መካነ መቃብር» መካከል ያለው የትርጉም ልዩነት ምንድን ነው?
2. ገበሬው የማያፈራ ቡና ሲያይ በቅድሚያ ምን ያደርጋል?
3. ልጅ ማጣት የሴት ጥፋት ብቻ አለመሆኑን በምን እናውቃለን?