ተማሪ ሐኪም በወረርሽኝ ጊዜ ሊሰጠው ስለሚገባ ሥራ

ሥራ ኹሉ ለሚችለው ሲሰጥ ይቃናል፤ ለማይችለው ሲሰጥ ግን ሥራውም ሠሪውም ይጐዳሉ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ልጅ ለታናሹ ፊደል ያስቈጥራል፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ እንዲያስተምር ግን ማንም አያዘውም። ገና ያልተመረቀ የሕክምና ተማሪም እንዲሁ ነው። በደኅናው ጊዜ ከመምህሩ ኋላ ቆሞ ይማራል፤ ወረርሽኝ መጥቶ ሐኪሞች ባነሱ ጊዜ ግን ስለ እርሱ ሁለት ዐይነት ስሕተት ይደረጋል። አንደኛው «አያውቅም» ብሎ ከደጅ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው «ነጭ ልብስ ለብሷል» ብሎ የሐኪሙን ሸክም ኹሉ በጫንቃው ላይ መጫን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ቀና መንገድ በዴንማርክ አገር የተደረገው ነገር ያስረዳል።

በ1944 ዓ.ም. ክረምት፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም.፣ በዋና ከተማው በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ ተነሣ። በሽታው እጅና እግርን ከማስነፍ አልፎ በብዙዎች ላይ የመተንፈሻንና የመዋጫን ጡንቻ ያዘ። ብሌግዳም በሚባለው ሆስፒታል ለማስተንፈስ የሚረዱት መኪናዎች 7 ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእነዚህ መኪናዎች ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ አለቃ ዶክተር ላሰን ተጨንቀው፣ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሕመምተኛን የማደንዘዝ ዕውቀት ያላቸውን ዶክተር ቢዮርን ኢብሰንን ለምክር ጠሩ። ነሐሴ 21 ቀን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ለሞት ተቃርባ ሳለች ጉሮሮዋ ተቀዶ ቧንቧ ገባላት፤ ዶክተር ኢብሰንም በቧንቧው ጫፍ ያለውን የላስቲክ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ አየር ወደ ሳንባዋ ሰደዱ። ልጅቱም ከሞት ተረፈች።

ዘዴው ተገኘ፤ ነገር ግን ከረጢቱን ቀንና ሌሊት የሚጨምቅ እጅ ከየት ይምጣ? እጁ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆም በሽተኛው ይሞታል። ወረርሽኙ በበረታ ጊዜ በሰው እጅ የሚተነፍሱት ሕሙማን በአንድ ጊዜ እስከ 70 ደረሱ። ሐኪሞቹ ይህን ብቻ ቢይዙ ሌላውን በሽተኛ የሚያይ ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ተጠሩ፤ 1,500 ያህል ኾነው በየአልጋው ራስጌ እየተቀመጡ፣ በተራ በተራ እየተተካኩ ከረጢቱን ጨመቁ። ቀድሞ ትንፋሻቸው ከታወከባቸው ሕሙማን ከመቶው ከ80 የሚበልጡት ይሞቱ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ሟቾቹ ከመቶ ወደ 40 ያህል ወረዱ።

እዚህ ላይ አመዳደቡን ልብ ማለት ይገባል። ለተማሪዎቹ የተሰጠው ሥራ አንድ ነበረ፤ በአጭር ጊዜም የሚለመድ ነበረ። ጉሮሮ መቅደድና ስለ ሕክምናው መፍረድ ግን የሐኪሞቹ ድርሻ ኾኖ ቀረ። ይህም ሲባል የተማሪው ሥራ ቀላል ነበር ማለት አይደለም፤ ሌት ተቀን ያስተነፈሱት ሕመምተኛ በእጃቸው ሳለ የሞተባቸው ነበሩ። ስለዚህ ተማሪን ለሥራ የሚያሰማራ አለቃ የእጁን ችሎታ ብቻ ሳይኾን የልቡንም ድካም ሊመለከት፣ የዕረፍቱንም ሰዓት ሊጠብቅለት ይገባዋል።

ይህ ነገር በዚያ ዘመን ብቻ አላበቃም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጣሊያንን ባስጨነቀ ጊዜ፣ የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙ ወጣቶች የፈቃዱን ፈተና ሳይጠብቁ ሥራ እንዲገቡ መንግሥቱ አወጀ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ የተመካከረ አገር አይደናገጥም።

መምህራንና ሽማግሎችም በመንደራቸው ወጣቶችን ለርዳታ ሲያሰማሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ሥራው ከዕውቀቱ ጋራ ይስማማልን? ቢሳሳት የሚያርመው በአጠገቡ አለን? ሲደክምስ የሚተካው ማን ነው? ለሦስቱም መልስ ከተገኘ ተማሪው ይሰማራ፤ ካልተገኘ ግን መልሱ እስኪገኝለት ድረስ ሌላ ሥራ ይሰጠው።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ።
1. በኮፐንሃገን ተማሪዎች ለምን ተጠሩ?
2. ለሐኪሞቹ ብቻ የቀረው ሥራ ምን ነበር? ስለ ምንስ?