ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ ማን ይወስናል?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ አስተዳደር ቢዮ አዋሌ ያለን አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነን። የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የባንክና የፋብሪካ ጉዳይ አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም፤ ጉዳዩ እንዲያውም በእናንተ ላይ ይብሳል። የባንክ ቅርንጫፍ ቢጎዳ ሒሳቡ በዋናው መሥሪያ ቤት ይገኛል፤ የእናንተ ብቸኛ መዝገብ ግን ከጠፋ የአባላቱ ገንዘብ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሎ ሺዎችን አፈናቅሏል። በደጋው የጣለው ዝናብ በአሸዋማው ወንዝ ወርዶ ብዙዎችን በእንቅልፍ ላይ ነው ያገኛቸው። እንዲህ ያለ አደጋ ሊቀመንበሩን ፈልጎ ለማስፈቀድ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ እሱ ካልተገኘ ማን እንደሚወስን፣ ከዚያም ቀጥሎ ያለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ለመዝገብ ተብሎ ማንም ወደ ውኃ አይመለስ፤ ይህን በሙሉ ልብ ማዘዝ የሚቻለው ግን የመዝገቡ ቅጂ ከወንዝ በራቀ፣ ከፍ ባለ ሌላ ቤት ሲቀመጥ ነው።

«ገንዘብ የለንም» ትሉ ይሆናል። ቅጂና ቃለ ጉባኤ ከገንዘብ ይልቅ ትጋት ይጠይቃሉ። ድሬዳዋ ከተማ ውስጥ የጎርፍ መከላከያ ግንብ አለ የሚልም አይጠፋም፤ ግንብ ግን ውኃን ይገታ እንደሆነ እንጂ ሰነድ አይገለብጥም፣ ተጠሪም አይመርጥም። ዝናቡ ሳይጀምር በጠቅላላ ጉባኤያችሁ አጀንዳ አድርጉት።