ከንፈር መጠጣ የማይጠቅመው ቡችላ

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ብዙ ውሾች ታጭቀው ከኖሩበት አንድ ቤት በአንድ እጅ የሚያዝ ነጭ ቡችላ ተረፈ። ጸጉሩ ከመሳሳቱ የተነሳ የቆዳው ሮዝ ቀለም ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ዓይኑ አያይም፣ ጆሮውም አይሰማም። በኮኔቲከት የሚኖሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ሜሊሳ ሻፒሮ ለጊዜው ሊያቆዩት፣ የሚወስደው ቤተሰብ ሲገኝ ሊያስረክቡት ተቀበሉት። ፒግሌት ተባለ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለማንም የሚመኙት አልነበሩም። ቡችላው ብቻውን የቀረ ሲመስለው አምርሮ ይጮሃል፣ ቤተሰቡም ኑሮውን በእሱ ዙሪያ ማስተካከል ግድ ሆነበት። ነገሩ መልክ እየያዘ የመጣው ቀኑ በቋሚ ሰዓትና ሥርዓት መመራት ሲጀምር ነው። ሐኪሟ ትእዛዙን ሁሉ በመንካት ገለጹለት፤ አንድ ቦታ መታ ሲደረግ መቀመጥ፣ ሌላ ቦታ ሲነካ መጠበቅ እንደሆነ ተማረ። ውሎ አድሮ ከቤቱ ሌሎች ውሾች ጎን ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅ ሆነ። ለማስረከብ የመጣው ቡችላ እዚያው ቀረ፤ ታሪኩም በ2021 በመጽሐፍ ወጣ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለማስለቀስ ነው። ውሻ ለማሳደግ ላሰበ ሰው የሚጠቅመው ግን ዕንባው አይደለም፤ ጩኸቱና ጩኸቱን ያረገበው ሥርዓት ነው።

ማየት የተሳነው ቡችላ ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ከንፈር መምጠጥ ነው። አንዱ «ምስኪን!» ብሎ ያልፈዋል፤ ሌላው «ምስኪን!» ብሎ ያነሳውና ከእቅፉ አያወርደውም። የመጀመሪያው በደል ለሁሉም ይታያል። ሁለተኛው ፍቅር ስለሚመስል የሚያርመው አይገኝም። ቡችላው ቤቱን የሚያውቀው በእግሩና በአፍንጫው ነው። ከፍራሹ እስከ ውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሲሚንቶው የት አልቆ ምንጣፉ የት እንደሚጀምር እየተራመደ ይይዛል። ከሳሎን ታቅፎ ኩሽና ሲወርድ ግን የያዘው ሁሉ ይምታታበታል። ማንሳት የግድ ከሆነ መልሶ ማስቀመጥ የሚሻለው ከሚያውቀው ቦታ፣ ከፍራሹ ወይም ከውኃ ሳህኑ አጠገብ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን ራሱ ያገኛል።

ለነገሩ ቡችላ ሁሉ ሲወለድ ዓይኑ ጭፍን፣ ጆሮው ድፍን ነው። ዓይኑ የሚገለጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ የእናቱን ጡት የሚያገኘው በማሽተትና በሙቀት ነው። ሳያይ የተወለደ ቡችላ ታዲያ ያጣውን አያውቀውም፣ ስለማያውቀውም አያዝንም። በጎልማሳነቱ ድንገት የታወረ ውሻ ነው ጥግ ይዞ የሚተክዘው። በውሻ አፍንጫ ውስጥ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሽታ ተቀባይ ሕዋሶች እንዳሉ ይገመታል፤ የሰው ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ቢሆን ነው። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ፊሊፓ ጆንሰንና ባልደረቦቻቸው በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ የውሻ አንጎል ሽታን የሚቀበልበት ክፍል ዕይታን ከሚያስተናግደው ክፍል ጋር በቀጥታ የነርቭ መስመር እንደሚገናኝ በኤምአርአይ አሳይተዋል። ዓይኑ የጠፋ ውሻ ኳስ ፈልጎ የማምጣቱ ምሥጢር በከፊል እዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ቡችላው በእርግጥ አያይም ወይ? ብዙ ሰው እጁን ፊቱ ላይ ያወዛውዝና ካላርገበገበ «ዕውር ነው» ይላል። ይህ ፈተና ለቡችላ አይሆንም። ወደ ዓይን ለሚመጣ ነገር ማርገብገብ በልምድ የሚገኝ ስለሆነ፣ ደህና የሚያየውም ቡችላ ሦስት ወር እስኪጠጋ ድረስ ላያደርገው ይችላል። በዚያ ላይ የእጅ ንፋስ የማያየውንም ያስደነብራል። ሐኪሞች ድምፅም ንፋስም የሌለው ቁራጭ ጥጥ ከፍ አድርገው ይለቁና ቡችላው በዓይኑ ይከተለው እንደሆነ ያያሉ። መብራት ሲበራ የዓይን ብሌን መጥበቡም ብቻውን ማየቱን አያረጋግጥም።

የመታወሩን ምክንያት ማወቅ «ዕውር» ከሚለው ስም ይበልጣል። የዓይን ሞራ አንዳንዴ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ቆብ ቶሎ ከተስተካከለ ዓይኑ ይተርፋል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ግን ያማል፤ ሕመሙ አልታዘዝ ሲል ሐኪሞች ዓይኑን ማውጣት ይመርጣሉ፣ ውሻውም ከዚያ በኋላ ዕረፍት ያገኛል። ጨፈን ጨፈን የሚያደርግ፣ ዕንባው የማያቋርጥ፣ ፊቱን ከምንጣፍ ጋር የሚያሽ ቡችላ እያመመው ነውና ቀጠሮ ሊበዛበት አይገባም።

እንደ ፒግሌት ያሉት ግን ችግራቸው ሰው ሠራሽ ነው ማለት ይቻላል። መርል የሚባለው ዝንጉርጉር ቀለም ያላቸው ወንድና ሴት ሲዳቀሉ እያንዳንዱ ቡችላ ቀለሙን ከሁለቱም ወገን የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እንዲህ የተወለዱት ብዙውን ጊዜ ነጭ ይሆናሉ፣ ብዙዎቹም ከዓይን ወይም ከጆሮ ችግር አያመልጡም። የብሪታንያው ኬነል ክለብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከሁለት መርሎች የተወለደ ቡችላ መመዝገብ አቁሟል። ለቀለሙ ማማር ሲል አሁንም እንዲህ የሚያዳቅል አርቢ ካለ ደንበኛ ሊያጣ ይገባዋል።

ቤቱን ለማዘጋጀት ዋናው ዘዴ በጉልበት ተንበርክኮ በቡችላው ቁመት መዞር ነው። ከዚያ ከፍታ ሲታይ የጠረጴዛው ጠርዝ ዓይን ላይ ይመጣል፣ ደረጃው ገደል ይሆናል። አዲስ አበባ ባለ ግቢ ውስጥ ደግሞ የከሰል ምድጃው፣ ክፍቱ ቱቦና የፈላ ውኃ ያለበት ባልዲ አሉ። ለእነዚህ መከለያ እንጂ ሥልጠና አይበቃም። ከደረጃው ጫፍ በፊት ሻካራ ምንጣፍ ቢነጠፍ እግሩ አስቀድሞ ይነግረዋል። ምግብና ውኃ ቦታቸውን አይለውጡም። ዕቃ ማገላበጥ የሚወድ ሰው ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ወራት እስኪያልፉ ይታገሥ። ቡና ሲፈላ የዕጣኑ ጭስ ቤቱን ሲሞላ ቡችላው ቢደናገር አይገርምም፤ በማሽተት የሚመራ ነውና መስኮት መክፈት ነውር የለውም።

ቡችላው የሚሰማ ከሆነ ሰው ከመንካቱ በፊት በድምፅ ይቅደም። ተኝቶ ሳለ ድንገት የተነካ ውሻ ደንግጦ ሊናከስ ይችላል፤ ይህ ክፋት አይደለም። ልጆች ባሉበት ቤት «ስሙን ጠርተህ፣ ሲነቃ ንካው» የሚለው ደንብ ውሻው ሳይገባ መጠናት አለበት። ቀሪው ተደጋጋሚ ቃል ነው፦ ለማቆም «ቁም»፣ ለደረጃ «ደረጃ»፣ ሁልጊዜ በአንድ ቃል፣ በአንድ ድምፅ። በደረት ማሰሪያ ላይ ተገጥሞ ራሱን ከፊት የሚከብ ቀለበት በአዲስ ቦታ ግንባሩን ከግድግዳ ያድነዋል። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ያለው ዕድሜ ውሻ ዓለምን የሚለምድበት ነውና ሰውና ድምፅ ሊነፈገው አይገባም። በተለይ ከጎዳና የተነሳ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ሦስት ወር ሲሞላው መስጠት የግድ ነው።

ሁለተኛ ውሻ መሪ ይሆነዋል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ዶግስ ትረስት መጠለያ የነበረችው፣ ቀደም ሲል ሁለቱንም ዓይኖቿን ያጣችው ሊሊ የተባለች ግሬት ዴን፣ በጓደኛዋ በማዲሰን እየተመራች ስትሄድ ዓለም ጉድ ብሏል፤ የሚወስዳቸው ሲፈለግም ሁለቱ ሳይለያዩ ተወስደዋል። ይሁንና ሁለቱ ለዓመታት አብረው የኖሩ ናቸው። ለዚህ ተብሎ የተገዛ ሁለተኛ ቡችላ ያልታሰበ ሁለተኛ ሥራ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ቀኑን ሙሉ ከቤት የሚውል፣ በየስድስት ወሩ ቤት የሚቀይር፣ ወይም ለልጁ ልደት ድንገት ሊያመጣ ያሰበ ሰው ይህንን ቡችላ ቢተወው ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብሮ መዋል የሚችል ግን ወደ መጠለያው ሄዶ የዓይን ምርመራውንና የክትባት ካርዱን ይጠይቅ፤ ከመውሰዱም በፊት ቡችላውን መሬት አስቀምጦ፣ ዝም ብሎ፣ ሲራመድ ይየው።