ልጅን ያለ ፍርሃት ማረም

ስለ ልጆች አስተዳደግ በተነሣ ቁጥር ንግግራችን ቶሎ ወደ ቅጣት ያዘነብላል። ሳይገረፍ ያደገ ልጅ ጨዋ አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ ከእኛ ከካህናቱም ዘንድ የራቀ አይደለም።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። ገና አዲስ ካህን ሳለሁ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ አላጠናም ብዬ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት አንበረከክሁት። በሚቀጥለው እሑድ ቀረ። ቤቱ ሄጄ ስጠይቅ እናቱ፣ «አባ፣ ማታ ለጸሎት ተንበርከክ ስንለው ‹ምን አጠፋሁ?› ይለናል» አሉኝ። ለእግዚአብሔር የሚንበረከክበትን ጉልበት እኔው የውርደት ምልክት አደረግሁበት።

ከሰባት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ምክንያት ሲነገረው ይረዳል፤ ራሱን ከእኩዮቹ ጋር ያነጻጽራል፤ ኀፍረትም ዘልቆ ይሰማዋል። የውጤት ካርድ በሚሰጥበት ቀን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ቀበቶ የሚጠብቀው ልጅ ከዚህ የሚማረው ካርድ መደበቅን እንጂ ሒሳብን አይደለም። አጠገቡ ተቀምጠን ደብተሩን ብናገላብጥ ግን ያልገባው የትኛው እንደ ሆነ እናያለን። ምናልባትም ዓይኑ ሰሌዳውን አጥርቶ አያይ ይሆናል!

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ የሞተበት ልጅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ባየው ሕልም፣ የሚሳደቡ ልጆችን በቡጢ ሊያስቆም ሲሞክር፣ በዱላ ሳይሆን በየዋህነት ወዳጆቹ እንዲያደርጋቸው እንደ ተነገረው በማስታወሻው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ደግሞ ሁለት መንገዶችን ለየ፤ አንዱ ሕግ አውጥቶ ጥፋተኛውን እየጠበቁ መቅጣት፣ ሁለተኛው ከልጆች ጋር አብሮ እየዋሉ ጥፋቱን አስቀድሞ መከላከል። እርሱ የመረጠው ሁለተኛውን ሲሆን፣ መሠረቱንም በምክንያት፣ በሃይማኖትና በፍቅር ላይ አኖረው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። የትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችን ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይገባውም።

«ታዲያ ልጁ ልቅ ይሁን ወይ?» የሚለኝ አባት አይጠፋም። አይደለም። የቤቱ ሥርዓት ጥቂትና አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ እርማቱም ከጥፋቱ ጋር ይያያዝ። በኳስ የጎረቤት መስኮት የሰበረ ልጅ ከአባቱ ጋር ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፤ አዲሱ መስታወት ሲገጠምም አብሮ ያግዝ። አባትየው ከተቈጣ ቍጣው እስኪበርድ ዝም ይበል፤ በንዴት የተሰነዘረ እጅ ልኩን አያውቅምና። ልጁን ከወንድሙ ጋር ማወዳደሩም ይቅር።

ያን ልጅ ይቅርታ የጠየቅሁት በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ጓደኞቹ ፊት ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን እስከ ፋሲካ ድረስ ከእኔ ጋር እየተቀባበለ አጠና፤ ስናጠናም ሁለታችንም ቁጭ ብለን ነበር።