ከልብስና ከቤት ዕቃ መደብር የሚገዛ የታሸገ ምግብ

ጥያቄ፦ በወላይታ ሶዶ ልብስና የቤት ዕቃ በቅናሽ የሚሸጡ መደብሮች የሚያቀርቡትን ብስኩት፣ ዘይትና የዱቄት ወተት መግዛት ያሰጋል?

መልስ፦ የዋጋው መቀነስ ብቻውን የጉድለት ምልክት አይደለም፤ ሊመረመር የሚገባው አያያዙ ነው፤ ምክንያቱም ቅባት ያለው ምግብ በአጠገቡ የተቀመጠን የሳሙናና የናፍታሊን (ልብስን ከብል የሚጠብቅ ኬሚካል) ሽታ በስስ ማሸጊያ አልፎ ሊስብ ይችላል፤ በፀሐይ ፊት የተደረደረ ዘይትም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጣዕሙ ይበላሻል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቀኑ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ምግብ የማብቂያ ጊዜ በአብዛኛው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሚታተም፣ «2024» የሚል ጥቅል በ2018 ዓ.ም. ለሚገዛ ሰው ገና ብዙ ዓመት የቀረው ሊመስል ቢችልም፣ በእርግጥ ግን ጊዜው አልፎበታል። የሕፃናት የዱቄት ወተት፣ በተለይ፣ ከእንዲህ ያለ መደብር ባይገዛ ይመረጣል። ቀኑ የተፋቀ ወይም በላዩ ሌላ ቀን የተለጠፈበት ምርት ሲገኝ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምግብን ለሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይገባል።