ቅኔ ቤት ያሳደገው ደራሲ

ከመካከላችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበበ ቢኖር እንኳ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማ ትልቅ ሰው በቤቱ አያጣም። ደራሲውን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚያስባቸው ጥቂት ነው።

ሐዲስ የካህን ልጅ ናቸው። ጎጃም፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ ቅኔ ተምረው አዲስ አበባ መጡ። ጣልያን ሲወረን ዘመቱ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣልያ ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የትምህርት ሚኒስትርና በለንደን አምባሳደር ሆነዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ «ወንጀለኛው ዳኛ»ና «የልምዣት» ተከተሉት። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንዳንዶች መጽሐፉ ካህናትን ይነቅፋል ይላሉ። ለእኔ እንዲህ አይመስለኝም። የተማሪውንና የደብተራውን ኑሮ እንዲያ አጥርቶ የሚጽፍ፣ በውስጡ ያደገ ሰው ብቻ ነው። ነቀፋው በእምነቱ ላይ ሳይሆን በስሙ በሚጫነው ሸክም ላይ ነው። በዛብህን ተመልከቱ፤ ወላጆቹ በሕይወት ቢቆይላቸው ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። እርሱ አልተጠየቀም። በኋላ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ልቡ የሚከፈለው በዚህ ስእለት ነው።

ስእለት በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። ሐና ሳሙኤልን ተስላ ለቤተ መቅደስ ሰጠች፤ ሆኖም ጋብቻን አልከለከለችበትም፤ ሳሙኤል ልጆች እንደ ነበሩት በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 እናነባለን። ታዲያ ልጅ ራሱ ያልተሳለውን ስእለት የመፈጸም ግዴታ አለበትን? ሁለቱን መጻሕፍት ይዘን በሚመጣው እሑድ እንወያይ።