ከኮይሉ እስከ ወንፊቱ፦ የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያን በቤት ውስጥ መሥራትና መንከባከብ

በእንግሊዝ የእርሻ ማሳዎችና በአሜሪካ የባሕር ዳርቻዎች ረጅም ዘንግ ይዘው፣ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ክብ ሳህን መሰል ነገር ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርገው ግራና ቀኝ እያወዛወዙ የሚጓዙ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። የሚፈልጉት የጠፋ ቀለበት፣ የቆየ ሳንቲም ወይም ሌላ በአፈር የተሸፈነ ብረታ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በእንግሊዝ ስታፎርድሺር አውራጃ በሺዎች የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች ያሉት የአንግሎ ሳክሰን ዘመን የወርቅና የብር ክምችት የተገኘው እንዲህ ባለ ፈላጊ ነው።

ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ለተማሪ ሌላም ጥቅም አለው። የሚያስፈልጉት አብዛኞቹ ነገሮች በእጅ ሊሠሩ የሚችሉ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸውም በክፍል ውስጥ የተማርነውን የኤሌክትሮማግኔቲዝም ትምህርት በተግባር ያሳዩናል። በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ የመሣሪያውን አሠራር፣ ቀጥሎም በቤት ውስጥ የሚሠሩ አጋዥ ነገሮችንና የእንክብካቤ ዘዴዎችን፣ በመጨረሻም ሊታለፍ የማይገባውን ወሰን እንመለከታለን።

መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?

ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ በአቅራቢያው ባለ አስተላላፊ አካል ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል። በመፈለጊያው ጫፍ ያለው ጥቅል ሽቦ፣ ማለትም ኮይሉ፣ ተለዋዋጭ ጅረት ሲያልፍበት እንዲህ ያለ መስክ ወደ መሬት ይልካል። በመስኩ ውስጥ የገባ ሳንቲም በገላው ላይ እንደ አዙሪት የሚዞሩ ጅረቶች ይፈጠሩበታል፤ እነዚህም በተራቸው የመጀመሪያውን መስክ የሚቃወም የራሳቸውን መስክ ይፈጥራሉ። መሣሪያው የሚያዳምጠው ይህንን ደካማ ምላሽ ነው።

በእጅ ለመሥራት ቀላል የሆነው ዓይነት ሁለት አወዛዋዥ ወረዳዎች አሉት። አንደኛው 99,500 ኸርዝ ላይ የማይለወጥ ነው እንበል፤ ኮይሉን የያዘው ሁለተኛው ደግሞ በ100,000 ኸርዝ ይሠራል። በጆሮ ማዳመጫው የምንሰማው የሁለቱን ልዩነት፣ 500 ኸርዝ ነው። የወረዳው ድግግሞሽ ከኮይሉ ኢንዳክታንስ ስኩዌር ሩት ጋር በተገላቢጦሽ ስለሚዛመድ፣ የመዳብ ወይም የብር ሳንቲም ኢንዳክታንሱን በ0.1 በመቶ ቢቀንሰው ድግግሞሹ በ0.05 በመቶ፣ ማለትም በ50 ኸርዝ ይጨምራል። ድምፁም ከ500 ወደ 550 ኸርዝ ይወጣል። የብረት ምስማር ግን አብዛኛውን ጊዜ ኢንዳክታንሱን ስለሚጨምር ድምፁን ያወርደዋል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የ0.1 በመቶ ለውጥ ከሳንቲም ብቻ አይመጣም። የላላ የኮይል ዙር፣ በፀሐይ የጋለ ካፓሲተር ወይም በዘንጉ ላይ የሚወዛወዝ ገመድም ይህን ያህል ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። መሣሪያው ደግሞ አንዱን ከሌላው መለየት አይችልም። ስለዚህ እንክብካቤ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የልኬቱ አንድ ክፍል ነው።

የታሪክ ምስክርም አለን። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በገላቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት የሚፈልግ የኢንዳክሽን መሣሪያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው በሙከራ ጊዜ ቢሠራም በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ግን የሚታመን ውጤት አልሰጠም። ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በፍራሹ ውስጥ የነበረው የብረት ሽቦ ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠሩ ነገሮች

1. ኮይል። ከተቃጠለ ትራንስፎርመር የተፈታ፣ ሽፋኑ ያልተላጠ የመዳብ ሽቦ ለዚህ ይበቃል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ነገር ላይ 25 ጊዜ ቢጠመጠም ወደ 0.28 ሚሊ ሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ ይሰጣል፤ ከ9 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ጋር ሲጣመር ድግግሞሹ 100 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ይሆናል። ዙሮቹ በክር በጥብቅ ከታሰሩ በኋላ በቀለጠ ሰም ወይም በኢፖክሲ መያዝ አለባቸው። አለበለዚያ ሣር በነካቸው ቁጥር ይንቀሳቀሳሉ።

ቀጥሎ ኮይሉ በአሉሚኒየም ፎይል ይጠቀለላል፤ ፎይሉም ከወረዳው የጋራ መስመር ጋር ይገናኛል። ይህ ሽፋን እርጥብ ሣርና አፈር በካፓሲታንስ በኩል የሚያመጡትን ሐሰተኛ ድምፅ ይቀንሳል። ነገር ግን የፎይሉ ሁለት ጫፎች መገናኘት የለባቸውም፤ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። ከተገናኙ ፎይሉ ራሱ የተዘጋ ቀለበት ይሆንና እንደ ትልቅ ብረታ ብረት መስኩን ይቃወማል። ዘንጉ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ ቱቦ ይሠራ፤ በኮይሉ አጠገብ የሚገቡ ብሎኖችም የፕላስቲክ ይሁኑ።

2. የመለማመጃ መደብ። በጓሮ በ1 ሜትር ርቀት ሳንቲም፣ ቆርኪ፣ ምስማርና የአሉሚኒየም ቁራጭ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበሩ፤ ቦታቸውም በወረቀት ላይ ይመዝገብ። ከሁሉ በፊት ግን ቦታው ባዶ መሆኑን በመሣሪያው ማረጋገጥ ያሻል። በዚህ መደብ ላይ የሚታየው ዋናው ትምህርት የጥልቀት ዋጋ ነው። መስኩ ወደ ታች ሲሄድም፣ ምላሹ ሲመለስም ይዳከማል። በኮይሉ መሐል አቅጣጫ ላለ ትንሽ ዕቃ፣ የምላሹ ጉልበት የኮይሉ ሬዲየስ ስኩዌርና የጥልቀቱ ስኩዌር ተደምረው በሦስተኛ ኃይል ሲነሡ ከሚገኘው ቁጥር ጋር በተገላቢጦሽ ይሄዳል። ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ኮይል ዕቃው ከ10 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ምላሹ 16 ጊዜ ያህል ይዳከማል ማለት ነው። ኮይሉን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚያወዛውዝ ሰው ምን ያህል እንደሚያጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

3. ወንፊትና ሳፋ። ከጣውላ በተሠራ አራት ማዕዘን ላይ ቀዳዳው ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ መረብ ይወጠር። ሳንቲሙ ከተቆፈረው አፈር ውስጥ ካልታየ፣ አፈሩን በፕላስቲክ ሳፋ ከፋፍሎ በኮይሉ ሥር ማሳለፍ ፍለጋውን ያሳጥራል።

4. መቆፈሪያና መንኪያ። የተጣለ የመኪና ባሌስትራ በቀጥቃጭ እጅ ጠንካራ መቆፈሪያ ይሆናል፤ ሲፈለግ ግን ከኮይሉ ይራቅ። ከመቆፈር በፊት በመስቀል ቅርጽ፣ አንድ ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ አንድ ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በማወዛወዝ ድምፁ የሚበረታበትን ነጥብ መለየት ይገባል። መጨረሻ ላይ አፈሩን ለመንካት የእንጨት ወይም የቀርከሃ ስንጥር ይሻላል፤ ብረት የሳንቲሙን ገጽ ይቧጥጣል። ጉድጓዱም እንደነበረ ይሞላ።

የእንክብካቤ ነጥቦች

ባትሪ፦ መሣሪያው ለሳምንታት የማይሠራ ከሆነ የባትሪ ድንጋዮቹ ይውጡ። ከአልካላይን ድንጋይ የሚፈስሰው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ፣ ጓንት አድርጎ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ በረጠበ ጥጥ መጥረግ፣ ከዚያም ማድረቅ ይገባል። በሚሞላ የኒኬል ድንጋይ ሲተካ አንዱ 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት እንደሚሰጥ አይዘንጋ፤ ስምንቱ በ12 ፋንታ 9.6 ቮልት ነው የሚሰጡት።

ገመድ፦ በዘንጉ ላይ በጥብቅ ተጠምጥሞ በናስትሮ ይታሰር። ወደ ኮይሉ በሚገባበት ቦታ ግን መታጠፊያ ያህል ይላላ፤ ያለዚያ ሽቦው በውስጥ ይበጠሳል።

ጨው ውኃ፦ የባሕር ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሲደርቅም ጨው ይተዋል። ኮይሉና ዘንጉ በየዕለቱ በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ፤ ውኃ የማያሳልፍ ካልሆነ የኤሌክትሮኒክስ ሣጥኑ አይነከር። በኮይሉ መሸፈኛ ውስጥ የተጠራቀመ አሸዋና ጭቃም ሐሰተኛ ድምፅ ስለሚሰጥ መሸፈኛው እየተፈታ ይጽዳ።

ሙቀት፦ መሣሪያው በተዘጋ መኪና ውስጥ በፀሐይ አይተው። ሲበራም ድምፁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

የማይታለፈው ወሰን

አገራችን ከጣሊያን ወረራ አንሥቶ እስከ ቅርብ ጊዜ በርካታ ጦርነቶች የተካሄዱባት ናት። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ያልፈነዱ ተተኳሾችና ፈንጂዎች በአፈር ውስጥ ትተዋል። በቤት የተሠራ መፈለጊያ ፈንጂ መፈለጊያ አይደለም። ብዙ ፈንጂዎች አካላቸው ፕላስቲክ ሆኖ የያዙት ብረታ ብረት እጅግ ጥቂት ነው፤ የመሣሪያው ዝምታ ቦታው ደኅና መሆኑን ፈጽሞ አያረጋግጥም። ድምፅ መስጠቱም ቢሆን የታወቀ ሳንቲም ማለት አይደለም። ጦርነት በነበረበት አካባቢ በዚህ መሣሪያ መፈለግ አይገባም። አጠራጣሪ ዕቃ የታየ እንደሆነ ሳይነኩ መራቅና ለፖሊስ ማሳወቅ ግድ ነው።

ሁለተኛው ወሰን የቅርስ ነው። በእንግሊዝ አገር ሀብት ሊባል የሚችል ግኝት በ14 ቀናት ውስጥ እንዲገለጽ እ.ኤ.አ. የ1996ቱ ሕግ ያስገድዳል። በእኛም አገር የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ከልክሏል፤ በአጋጣሚ የተገኘም እንዲገለጽ ደንግጓል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ የአክሱም ሳንቲም ከተኛበት የአፈር ንብርብር ከወጣ፣ ከምን ጋርና በምን ዘመን እንደተቀበረ የሚናገረው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። በአሸዋ ወይም በአሲድ የታጠበ እንደሆነም ጽሑፉ ጭምር ይጠፋል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚመከረው የራስ ጓሮና የመለማመጃ መደብ፣ ወይም ባለቤቱ የፈቀደው ቀለበት የጠፋበት ግቢ ነው።

ለመልመጃ

ሀ) ከላይ በተገለጸው መሣሪያ የኮይሉ ኢንዳክታንስ በ0.2 በመቶ ቢጨምር የሚሰማው ድምፅ ስንት ኸርዝ ይሆናል?

ለ) ሬዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነው ኮይል ሥር ያለ ዕቃ ከ20 ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ምላሹ ስንት ጊዜ ይዳከማል?

መልስ፦ ሀ) 400 ኸርዝ፤ ለ) 8 ጊዜ።